የየኔታ ድመት የታመመበት ሁዳዴ

የኔታ ሰው ቤት የሚሄዱ ሰው አይደሉም። ሰው ነው ወደ እሳቸው የሚሄደው። ስለዚህ በዚያ ሐሙስ ጠዋት ከዘራቸውን ተደግፈው የአባቴ ቤት በር ላይ ቆመው ሳያቸው መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ “ማን ሞተ?” የሚል ነበር።

“የኔታ፣ ምነው በሰላም? ይግቡ እንጂ።”

“በሰላም ነው ልጄ። አልገባም። ድመቱ ነው። ሽንቱ እምቢ ብሎታል መሰለኝ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

ትንሽ አሰቡ። “ማክሰኞ ከሰዓት ነው የጀመረው። ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይነሣል። ደግሞ ሄዶ ይቀመጣል። እኅቴ ‘ሆድ ድርቀት ነው’ ብላ ተልባ አጠጣችው። እኔ ደግሞ ምግቡን ሲተወው ‘እሱም ሁዳዴ ያዘ’ ብዬ ሳቅሁ። ትናንት ማታ ግን ድምፁ ተለወጠብኝ።”

ማክሰኞ ከሰዓት። ዛሬ ሐሙስ ነው። ይህን በሽታ ለዓመታት ሳስተምረው ኖሬአለሁ። ተማሪዎቼን “ወንድ ድመት ሲያምጥ አይታችሁ ሽንት ጠብ ካላለ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ሰዓታችሁን ተመልከቱ” እላቸዋለሁ። የታገደው ሽንት ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን ያፍነዋል፤ መውጣት የነበረበት ጨው ደም ውስጥ ይከማቻል፤ በመጨረሻ ልብ ይቆማል። ሁለተኛው ቀን ካለፈ በኋላ የሚተርፈው ዕድለኛው ነው። ይህንን የምለው ሁልጊዜ ጠመኔ ይዤ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነበር።

እዚህ ላይ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ይበልጥ እውነቱን ለመናገር ግን የእንስሳት ሕክምና መምህር ነኝ። የማስተምረውና የምመራመረው ስለ ውሻና ድመት አመጋገብና ስለ ሽንት ቧንቧ በሽታቸው ነው። በትውልድ ከተማዬ በመካነ ሰላም ይህን ስነግራቸው የማይስቅ የለም። አንድ አጎቴ “አይ ልጄ፣ ይኸ ሁሉ በሬና በግ እያለ መንግሥት ለድመት ፕሮፌሰር ያስተምራል?” ብሎኛል። አባቴ ባረፈ ጊዜ ከምሠራበት ከተማ ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ቤቱን ላስተካክል፣ በዚያውም የጀመርኩትን የመማሪያ መጽሐፍ በጸጥታ ልጨርስ ነበር ሐሳቤ። ለአንድ ወር ብዬ የመጣሁት ሴት፣ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ነገ ተዘጋ ሲባል አራተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ኢንተርኔት የለም። ስልክም አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ዝም ይላል።

የኔታ ከአባቴ ጋር በአንድ ጉባኤ የተማሩ የድጓ መምህር ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የሚኖሩት ከመነኩሲቷ እኅታቸው ጋር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል። በዚያ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጣራ ስላፈሰሰ፣ እስኪጠገን ድረስ የብራና መጻሕፍቱ እሳቸው ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የብራናው ሽታ ነው መሰል አይጥ በረከተ። ድመቱ የተፈለገው ለዚህ ነው። ግራጫ፣ ጆሮው በጠብ የተቀደደ፣ ሰው የማይለምድ ወንድ ድመት ነው። ከየኔታ በቀር ማንም አይነካውም።

ችግሩ የጀመረው ጎረቤቱ ሁሉ የአይጥ መርዝ መበተን ሲጀምር ነው። መርዝ የበላ አይጥ እየበሉ በሰፈሩ ሁለት ድመቶች ሞቱ። የኔታ ያን ጊዜ ሰው ልከው አስጠሩኝና ምን ይሻላል አሉኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ባገሬ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው። ድመቱ ከመጻሕፍቱ ክፍል አይውጣ፤ በሩ ይዘጋ። ወተት ሆዱን ያበላሸዋልና ይቅር። ለመጽሐፌ ላወዳድረው ብዬ ከአዲስ አበባ በከረጢት ይዤው የመጣሁት ደረቅ የድመት ምግብ ነበረ፤ ከእሱ በጣሳ ለክቼ ሰጠኋቸው። “ጠዋት ይኸን ያህል፣ ማታ ይኸን ያህል። ውሃ ደግሞ ከአጠገቡ አይጥፋ።” የኔታ እንደ ቅዱስ ቃል ተቀበሉት። እኔም ሄድኩ። አንድም ቀን ተመልሼ አላየሁትም።

አሁን ከኋላቸው እየተከተልኩ ስሄድ ይኸ ሁሉ ነበር በአእምሮዬ የሚመላለሰው። እሳቸው በከዘራ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ቀድሜያቸው ልሩጥ ብል ነውር ነው። ሁለት ጊዜ ቆመው ሰው ሰላም አሉ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ጨምሬ ጣቴን እፈትግ ነበር።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። መጻሕፍቱ በማኅደራቸው እንዳሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ድመቱ ከመደቡ ሥር ተኮራምቶ አገኘሁት። እንደ ልማዱ ሊቧጭረኝ አልሞከረም፤ ያ ራሱ አስፈራኝ። ሆዱን በእጄ ስዳስሰው ፊኛው ብርቱካን አክሎ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ እጄ ውስጥ ገባ። ድመቱ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

ቀና ስል የውሃ ሳህኑን አየሁት። እስከ አፉ ሞልቷል። ላዩ ላይ ስስ አቧራ ረግቶበታል። ከሚሸናበት የአመድ ሣጥን ጋር ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ድመት እሚሸናበት ቦታ አጠገብ ውሃ አይጠጣም። ይህን ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

“እማሆይ፣ ይኸ ውሃ መቼ ነው የተቀዳው?”

“ምን ይቀዳል ልጄ፣ አይቀንስም እኮ” አሉ እማሆይ። “አንቺ አይጥፋ ስላልሽ አላነሣሁትም።”

ቀድሞ ይኸ ድመት የሚበላው አይጥ ነበር፤ አይጥ ውስጥ ውሃ አለ። የሚጠጣውም ከቦኖው ሥር ከሚፈሰው ነበር። እኔ ከሁለቱም ለየሁትና በር ዘግቼ ደረቅ ፍሬ ሰጠሁት። በአገሩ ላይ ስለ ድመት ሽንት ከሁሉ በላይ አውቃለሁ የምል ሰው እኔ ነኝ። በሽታውን በእጄ ሰፍሬ የሰጠሁትም እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ግን ቅርጫት ስጡኝ አልኩ። እማሆይ ነጠላቸውን አነጠፉበት፣ ድመቱን አስገባንና ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ደሴ ብደርስ መሣሪያም ሰውም አላጣም ነበር፤ ግን በዚያ ቀን መናኸሪያው ባዶ ነበር። ባይሆንም እንኳ ያን ሁሉ ሰዓት መንገድ ድመቱ አይችለውም።

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አንድ አንካሳ በሬና ጥቂት በጎች ቆመዋል። ባለሙያው የለም። “ወደ ወግዲ መንገድ ለክትባት ወጥቷል፤ ለምሳ ይመለሳል” አለኝ ዘበኛው። ለምሳ። ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። የመድኃኒቱ ክፍል ተቆልፏል፣ ቁልፉ ከሰውየው ጋር ነው። የኔታ ከግንቡ ጥላ ተቀመጡ፤ ቅርጫቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። በየአሥር ደቂቃው ነጠላውን ገልጬ እጄን ደረቱ ላይ አደርጋለሁ። የድመት ልብ እንደ ስፌት መኪና ነው የሚመታው። የዚህ ግን መቁጠር ይቻላል። እቆጥራለሁ፣ እሸፍነዋለሁ፣ ግቢውን እዞራለሁ፣ ተመልሼ እቆጥራለሁ። በየጊዜው ቀነሰብኝ።

“ልጄ፣ ምነው አላረፍሽም?” አሉኝ የኔታ።

“ልማድ ነው የኔታ” አልኳቸው።

ሰውየው በሞተር ሳይክል የመጣው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ የሚሆን፣ ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ ሰው። ሲያየኝ እንደ መደንገጥ አለና ቆቡን አወለቀ። ምን እንደሆነ እስኪጠይቀኝ ሳልጠብቅ ነገርኩት፤ በክፍል ውስጥ እንደማደርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አቋረጠኝ።

“ስንት ሰዓት ሆነው፣ ዶክተር?”

“ከማክሰኞ ከሰዓት ጀምሮ።”

ሌላ አልጠየቀም። በሩን ከፈተ። ለድመት የሚሆን የሽንት ቱቦ አልነበረም፤ እንደማይኖርም አውቅ ነበር። ያለው ለበሬ የሚሆን ወፍራም መርፌ ነው። ማደንዘዣውም ለከብት የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ ያ ደግሞ ልብን የሚያዘገይ ስለሆነ ይህን ድመት ይገድለዋል። “በዚህ አናስተኛውም” አልኩት። “መጀመሪያ ፊኛውን በመርፌ እናስተንፍሰው። ግን ቆዳው በጣም ተወጥሯል፤ ሊፈነዳ ይችላል።”

“ማን ይውጋ?”

እጄን አየሁት። መርፌ ይዤ እንስሳ ከወጋሁ ስንት ዓመቴ ነው? ተማሪ ነው የሚወጋው፤ እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። “አንተ ውጋ” አልኩት። “እኔ ልያዝ።”

ከመድኃኒት ቤት ቀጭን መርፌ አስመጣ። ቦታውን በጣቴ አሳየሁት። ትንፋሹን ያዘና ወጋ። ጥቁር ቀይ ሽንት ስሪንጁን ሞላው። አወለቀ፣ ደፋ፣ ደገመ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ፊኛው እጄ ሥር ቀስ በቀስ ሲለሰልስ ተሰማኝ። ልቡ ግን አሁንም ይጎትታል።

“ካልሲየም አለህ? ልቡን ይይዝለታል።”

“ለላም የሚሰጠው።”

“እሱን አምጣ።”

የላሟ ጠርሙስ ድመቱን ያክላል። ጥቂት ጠብታ ቀድተን፣ አቅጥነን፣ የፊት እግሩ ላይ ደም ሥር ፈለገለት። ክር የምታክል ደም ሥር ነች፤ በአንዴ ገባ። የሚገፋው እሱ ነው፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ “ቀስ፣ ቀስ፣ ቁም፣ ቀጥል” የምለው እኔ ነኝ። በመካከሉ ልቡ አንድ ጊዜ ዘለል አለብኝና “ቁም!” ብዬ ጮኽኩ። የኔታ በር ላይ ቆመው ነበር፤ አማተቡ። ከዚያ ምቱ ተመለሰ። እያደር ፈጠነ።

ሰውየው ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛው ዘንድ በሞተር ሄዶ ሁለት የሕፃናት ካኑላና ትንሽ ማስታገሻ ይዞ መጣ። የካኑላውን መርፌ አውጥተን ላስቲኩን ብቻ ተጠቀምንበት። የሽንት ቧንቧው ጫፍ ላይ ያለው ስፋት የስንዴ አገዳ አያክልም። እኔ አቅጣጫውን እነግረዋለሁ፣ እሱ በጨው ውሃ እየገፋ፣ እየመለሰ፣ እየገፋ። መጀመሪያ አልገባም። ሁለተኛም አልገባም። ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ እርጥብ ኖራ የመሰለ ነገር ቁርጥ ብሎ ወጣና ሽንቱ ጠረጴዛውን አልፎ ሸሚዙ ላይ ተረጨ።

“እሰይ!” አለ ሰውየው። የኔታ “ተመስገን” አሉ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ድመቱን ጠርገን ግሉኮስ እየሰጠነው ሳለ ነው የጠየቅሁት። “የት ነው የተማርከው?”

“እርስዎ ዘንድ ነው የጀመርኩት፣ ዶክተር። የእርስዎን ኮርስ ወድቄ ነው የወጣሁት። በኋላ በዲፕሎማ ጨረስኩ።”

ፊቱን አየሁት፤ ምንም ትዝ አላለኝም። ስንቱን ጥያለሁ? “ምን ሆነህ ነበር?” አልኩት።

“ምንም። ግማሹን ክፍል አልገባሁም። የዚያን ጊዜ ኳስ ነበር ሥራዬ።” ሳቀና ግሉኮሱን አስተካከለ። “ይያዙልኝ፣ ዶክተር፤ እግሩን እያነሣ ነው።”

ጥፋቱን ወደ ራሴ ለመውሰድ ተዘጋጅቼ ነበርና እፎይ ማለቴን አልደብቅም። ያም እፎይታ አሳፈረኝ።

ድመቱን ይዘን ስንመለስ ጭንቀቱ ያለቀ መስሎኝ አልነበረም። የተከፈተ ቧንቧ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይዘጋል፤ የሚያድነው ብዙ ውሃ ነው። ውሃ የሚጠጣው ደግሞ ምግቡ ውስጥ ተሸሽጎ ሲሰጠው ነው። ሥጋ በብዙ መረቅ። ይህን ለማን ልንገር? የሁዳዴ እኩሌታ ላይ፣ በድጓ መምህርና በመነኩሲት ቤት።

እማሆይ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። “በዚህ ጾም? በኔ ማሰሮ?”

“ጾም የታዘዘው ለሰው ነው” አሉ የኔታ።

“ለሰው ነው፤ እጄ ግን የሰው እጅ ነው።”

“ታዲያ ይሙት?”

“ይሙት አላልኩም! ማሰሮዬን ነው ያልኩት።”

ወንድምና እኅት ሲቆጣጡ እኔ አቀርቅሬ መሬት አየሁ። እኔም ቤት ሥጋ የለም፤ በከተማው የክርስቲያን ሥጋ ቤት ከተዘጋ ሳምንታት ሆኖታል። በመጨረሻ አጥር ለአጥር የምንዋሰናት የሙስሊም ጎረቤቴ ትዝ አለችኝ። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር፤ እሷም ጾመኛ ናት፣ ማታ ለማፍጠሪያ ግን ሾርባ ትሠራለች። ሄጄ ነገርኳት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

“ወላሂ፣ ለየኔታ ድመት ሥጋ ቀቅለሽ አምጪ የሚለኝ ይመጣል ብዬ አላስብም ነበር።”

“ጨው የሌለው፣ በርበሬ የሌለው፣ ውሃው የበዛ።”

“አብሽሪ። ለብቻው ነው የምቀቅልለት።”

እውነትም አንድ ሰዓት ሳይሞላ በቆርቆሮ ጣሳ መረቅ ይዛ መጣች። ከየኔታ ደጅ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ ቆመች፤ እማሆይ “ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቆምሻል” አሏት። ጣሳውን ግን አልነኩትም። በእግራቸው ጠቆም አድርገው “እዚያ” አሉ። ድመቱ አሸተተ፣ ዞር አለ፣ ተመልሶ አሸተተ። ከዚያ ላሰ። ሦስታችን ሴቶች ጎንበስ ብለን ምላሱን ስንመለከት የኔታ ከውጭ “ጠጣ?” ብለው ጠየቁ።

“እየጠጣ ነው” አልናቸው።

ዓርብ ቀትር ላይ ዳግመኛ ተዘጋ። አውቄው ነበር፤ እንዲያም ሆኖ አመድ ሣጥኑ ላይ ሲያምጥ ሳየው ጩኸቴ አመለጠኝ። ሰውየው ጋ ሰው ላክን። እስኪመጣ የኔታና እኔ ብቻችንን ከመደቡ ላይ ተቀምጠን ነበር። ያን ጊዜ በሆዴ የያዝኩትን መደበቅ አልቻልኩም።

“የኔታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በር ዝጉበት ያልኳችሁ፣ ደረቅ ምግብ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ውሃውን አይጠጣም ነበር፤ አንድ ቀን መጥቼ ባይ ኖሮ አውቀው ነበር።”

አባቴን በሚያውቁ ሰው ፊት እንደዚያ አንገቴን ደፍቼ አላውቅም።

“መርዙ ይገድለው ነበር” አሉ። “ዝጉበት ማለትሽ ልክ ነው።”

“ልክ አይደለም፤ ግማሹን ነው የነገርኳችሁ።”

“እሺ፣ ግማሹን ነገርሽን።” ድምፃቸው ትንሽ ሻከር አለ። “እኔስ? ማክሰኞ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። ረቡዕም። ወደ አንቺ ልመጣ ተነሥቼ፣ ‘ይች የተማረች ሰው ናት፣ መጽሐፍ ትጽፋለች፣ በድመት አላስቸግራትም’ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን። አሁን ማን ይብስ?”

የማጽናኛ ንግግር አልነበረም። ተናደው ነበር፤ በእኔም፣ በራሳቸውም። ጎን ለጎን ተቀምጠን ድመቱ ሲያምጥ አየን።

ሰውየው ሲመጣ በዚህኛው ጊዜ “ዶክተር፣ እርስዎ ያድርጉት” አለኝ። ለምን እንዳለው አላውቅም፤ ምናልባት ደክሞት ነበር፣ ከበሬ ሥር ነው የመጣው። ድመቱን እሱ ያዘው፤ የእሱ አያያዝ ግን እንደኔ አይደለም፣ ድመቱ ፍንክች አላለም። ካኑላው ሁለት ጊዜ ሳተኝ። “ቀስ ይበሉ፤ ጊዜ አለን” አለኝ። በዚያ ሳምንት ጊዜ አለን ያለኝ እሱ ብቻ ነው። በሦስተኛው ገባ። ከውስጡ አሸዋ የመሰለ ወጣ፣ ተከትሎ ሽንት። ላስቲኩን በክር ቆዳው ላይ ሰፍተን ለሁለት ቀን እንዲቆይ አደረግነው፤ እንዳይነክሰውም ከካርቶን ቆርጠን አንገቱ ላይ አሰርንለት። እማሆይ ሲያዩት “ካባ ለበሰ” ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን አብሬው ዋልኩ። መጽሐፉን አልነካሁም። የሚንጠባጠበውን ሽንት በሻይ ብርጭቆ እቀበላለሁ፣ ወደ ብርሃን አንሥቼ ቀለሙን አያለሁ፣ ደፍቼ አጥባለሁ። ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ሮዙ ወደ ቢጫ ሄደ። ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ መረቅ አመጣች። እማሆይ የውሃውን ሳህን ከአመዱ ሣጥን አርቀው በሩ አጠገብ አኖሩት፤ ጠዋትና ማታ ይለውጡታል። ማንም አልነገራቸውም፤ እኔ ስለ ሳህኑ ከየኔታ ጋር ስነጋገር ሰምተው ኖሯል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላስቲኩን አወጣን። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ከሁሉ የባሰ ነበር። በራሱ ይሸና ይሆን? ክፍሉን ከፍተን ግቢው ውስጥ ለቀቅነው፤ በሰፈሩ መርዝ የሚበትኑትን የኔታ ራሳቸው ቤት ለቤት ዞረው ለምነው አስትተዋል። የማይሄዱ ሰው፣ በከዘራ፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ። ድመቱ ከግንቡ ሥር ሄደ። አሸተተ። ተመለሰ። ፀሐይ ላይ ተኛ። እኔ ከሰውየውና ከጎረቤቴ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠን እንደ ዳኛ እንመለከታለን። ጎረቤቴ “ስታፈጡበት ያፍራል” አለች። ፊታችንን አዞርን። መልሰን ስናይ ከጌሾው ሥር መሬት እየጫረ ነበር። ሰውየው ሮጦ ሄዶ አፈሩን በእጁ ነካ።

“እርጥብ ነው!”

እማሆይ እልል አሉ። ለድመት ሽንት እልል ሲባል የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ያለ ኪሳራ አልወጣንም። ድመቱ ታሞ በተኛባቸው ቀናት አይጥ ገብቶ ከአንዱ መጽሐፍ የሁለት ቅጠል ጠርዝ በልቷል። የኔታ በጣታቸው ዳሰሱት። ጽሑፉ አልተነካም አሉ፤ ግን ለረጅም ጊዜ አልዘጉትም። ድመቱም እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ከስቶ ቀረ፣ ኩላሊቱም ሳይጎዳ አልቀረም ብዬ እፈራለሁ። የምለካበት ነገር አልነበረኝም።

መንገዱ የተከፈተው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰውየው ጠዋት መናኸሪያ ድረስ በሞተሩ ሻንጣዬን አመጣልኝ። ከመሄዴ በፊት ከጻፍኩት ውስጥ ስለ ሽንት መዘጋት ያለውን ክፍል አንብብልኝ ብዬ ሰጥቼው ነበር፤ ወረቀቱን በእርሳስ ሞልቶ መለሰልኝ። አንደኛው ገጽ ዳር ላይ “ይኸ መሣሪያ ከሌለስ?” ብሎ ጽፏል። በሌላው ገጽ ላይም ያንኑ። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ እስከ ደጎሎ ያነበብኩት እሱን ነው።

አሁን ከሥራዬ ከተማ ሆኜ በየእሑዱ እደውላለሁ። ስልኩን የሚያነሡት እማሆይ ናቸው። እንደምን ዋልሽ ሳይሉ፣ የኔታ ደህና ናቸው ሳይሉ፣ “ሸንቷል፣ ሸንቷል” ይሉኛል። ከዚያ ነው ሰላምታው የሚጀመረው። መስመሩ እምቢ ባለ እሑድ ግን እስከሚቀጥለው ድረስ እንቅልፌ ልክ አይሆንም።